ጀልባዋን ስንገዛ የሸተተኝ ነገር

እኔ ውሃ የምፈራ ሰው ነኝ። ሆጤ ተወልጄ ሆጤ ያደግሁ፣ ከቧንቧና ከዝናብ ሌላ ውሃ ያላወቅሁ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ዋና የሚባል ነገር በዘራችን የለም። የአባቴ አያት ከየመን ባሕር ተሻግረው እንደመጡ ቤታችን ውስጥ ሲወራ ነው ያደግሁት። እሳቸው ግን አንዴ ደሴ ወጥተው የጨርቅ ንግድ ከጀመሩ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ባሕር የሚባል ነገር ዳግመኛ ማየት አልፈለጉም አሉ። እኔም ከእሳቸው የወረስኩት የጨርቁን ሱቅና ያንን እንቢታቸውን ነው።

ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እጁን ታጥቦ ሲመጣ "ጀልባ እንግዛ" ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ። እሱ ግን ቀልድ አያበዛም። ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ አሁን ኮምቦልቻ ላይ ከአንድ የድሮ ሾፌር ጓደኛው ጋር የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። ሐሳቡን ከመናገሩ በፊት ወር ሙሉ በሆዱ ይዞት ይዞራል፤ አንዴ ከተናገረው ደግሞ ያለቀ ነገር ነው።

ነገሩ የእናቱ ነገር ነው። አማቴ የሚኖሩት ከሐይቅ ከተማ ማዶ፣ ውሃው ዳር፣ ማንጎና ቡናቸው መሐል ነው፤ ብቻቸውን። ደሴ ኑ ሲባሉ "ደሴ ብርድ ነው፤ ስሞት ትወስዱኛላችሁ" ይላሉ። ባለፈው ክረምት ታመሙ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አላስገባ አለና ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ውሃውን ዞሮ አስፋልት እስኪያደርሳቸው ግማሽ ቀን ፈጀ። ባለቤቴ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ውሃ ባየ ቁጥር ዓይኑ ቀጥ ብሎ ማዶውን ነው የሚያየው። ዙሪያውን ግማሽ ቀን የሚወስደው መንገድ በሞተር ጀልባ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል እንኳ አይፈጅም።

እንቢ ማለት አልቻልኩም። የባሏ እናት በጭቃ መሐል ትቅር የምትል ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? ግን ያቺ ጀልባ የምትጭነው ሁለቱን ሴት ልጆቼንም ነው። ትልቋ አስር ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ስድስት። እነሱ አይዋኙም፣ እኔም አልዋኝም፣ አባታቸውም አይዋኝም። 

እሱ ደግሞ በጎ የሠራ መስሎት፣ "ልጆቹን ይዘሽ የምትቀመጪባት አንቺ ነሽ፤ አንቺው ምረጫት" አለኝ። ሸክሙን እንዲህ አድርጎ ጫነብኝ። ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ ሐሳቤ አይሰበሰብም፤ ሜትር ተሳስቼ ጨምሬ እየቆረጥኩ ሰው አመሰገነኝ። አንድ ቀን እንዲያውም ልብስ የማጥብበትን ትልቁን ሳፋ ውሃ ሞልቼ ልጆቹን ፊታችሁን ንከሩና ትንፋሻችሁን ያዙ እያልኩ ሳስለማምድ ባለቤቴ ገባ። የሚጫወቱ መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ትንሿ ግን አፍንጫዋ ውሃ ገብቶ ታለቅስ ነበር።

የመጀመሪያዋን ጀልባ ያየናት እዚያው ሐይቅ፣ ውሃው ዳር ነው። የብረት ናት፤ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታለች። ባለቤቷ ስንት ሰርግ እንዳሻገረባት እየማለ ነገረን። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁና "ገልብጡልኝ" አልኩ። ተሳሳቁ። ጀልባ እንደ ብርድ ልብስ አይገለበጥም አሉኝ። እኔ ግን ሌላ መንገድ አላውቅም። ጨርቅ የሚለብስ ሰው ፊቱን ያያል፤ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ጀርባውን ያያል። ፊቱን ሁሉም ያሳምረዋል።

በግድ ጎትተው በጎኗ አጋደሟት። ሆዷ ሙሉ በሙሉ በሬንጅ የተለጣጠፈ ነበር። ሰውየው ሳያፍር "ወላሂ እህቴ፣ ይሄ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው" አለኝ። ባለቤቴ አየኝ፤ እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ መኪናው መሄድ ጀመርኩ። እሱም አልተከራከረኝም፤ ተከተለኝ።

ሁለተኛዋ የተገኘችው ከውሃ እጅግ ርቃ፣ ኮምቦልቻ ነው። አንድ ሰው ሐይቁ ዳር መዝናኛ ሊከፍት አስቦ ከጅቡቲ በጭነት መኪና አስመጥቷት፣ በኋላ ሐሳቡ ተለውጦ ፋብሪካዎቹ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ሸፍኖ ትቷታል። አሮጌ ናት፤ ከእሱ በፊትም ሌላ አገር ሰው ነድቷታል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ልናያት ሄድን። የባለቤቴ ጓደኛ፣ ያ የድሮ ሾፌር፣ "ሞተር እኔ ሳልሰማው አይገዛም" ብሎ ቀድሞን ደርሶ ነበር።

ሸራው ሲነሳ ነጭ ፋይበር ናት፤ ስድስት ሰው ታስቀምጣለች፤ ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ተጭናለች፤ ሞተሯ ከኋላ ተንጠልጥሏል። እኔ ሰሌን አስመጥቼ መሬት ላይ አነጠፍኩና ከሥሯ ገባሁ። ሴት ልጅ በጀርባዋ ተኝታ የጀልባ ሆድ ስትደባብስ ማየት ለኮምቦልቻም አዲስ ሳይሆን አልቀረም። የስልኬን መብራት አብርቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁ፤ በጣቴ መገጣጠሚያ አንኳኳሁ፤ በጥፍሬ ፋቅሁ። ስንጥቅ የለም፣ ልጣፊ የለም። ጀርባዋ ከፊቷ ጋር አንድ ነው። ወጥቼ አቧራዬን ሳራግፍ ወድጃታለሁ፤ መውደዴ ራሱ አስፈራኝ። ጠንካራ ሆና ባላገኛት ኖሮ ወደ ሱቄ ተመልሼ በሰላም እተኛ ነበር።

ከዚያ ወንዶቹ ወደ ሞተሩ ዞሩ። የመኪና ሰው ሞተር ሲገዛ መጀመሪያ ያስነሳል፣ ይሰማል፣ ያሞቃል፣ ነዳጅ ይሰጣል። ሌላ ሥርዓት አያውቁም። ሻጩም ጀልባዋን አንድም ቀን ውሃ ላይ አውርዷት አያውቅምና ምንም አልተናገረም። ጓደኛው ገመዱን ጎተተ፤ ሞተሩ ተነሳ። በዚያ በደረቅ ግቢ ውስጥ ያሰማው ጩኸት ዶሮዎቹን አጥር አዘለላቸው። ከፋብሪካ የሚወጡ ሠራተኞች በር ላይ ቆመው ማየት ጀመሩ። ጓደኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣ ነዳጅ እየሰጠ "ትንሽ ትሙቅ፣ ትንሽ ትሙቅ" ይላል። ተመልካች ስለተሰበሰበ ነው መሰለኝ አስረዘመው። ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆሟል።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው። የቤንዚን ጭስ አይደለም። እኛ ጨርቅ ስንጠራጠር አንድ ክር መዘን በክብሪት እናቃጥላለን፤ ጥጥ የወረቀት ሽታ ይሸታል፣ ናይለኑ የላስቲክ። ስለዚህ አፍንጫዬን አምነዋለሁ። ይሄ የሚቃጠል ጎማ ነበር።

"ጎማ ይሸታል" አልኩ።

ሞተሩን አጠፉት። ጓደኛው ቆማ የከረመች ሞተር እንደሆነች፣ የሚቃጠለው አቧራዋ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝ። አቧራ እንዳልሆነ ደገምኩለት። ባለቤቴን አየሁት፤ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረግ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ጓደኛው ሳቀና "አብሽሪ አቦ፤ ገና ሳትገዣት አታሟርቺባት" አለኝ።

እኛ ዘንድ ይህች ቃል አፍ ትዘጋለች። ክፉ ነገር በአፉ የጠራ ሰው እንደጋበዘው ይቆጠራል። ይሰበራል ያልሽው ነገር ከተሰበረ የሰበርሽው አንቺ ነሽ። ልጅ ሆኜ እናቴ፣ አባቴ መንገድ ሲወጣ ስለ አደጋ ያወራ ሰው ካለ ከቤት ታስወጣ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሻጩ ለሽያጩ ምስክር ይሆኑ ዘንድ የጠራቸው የሰፈሩ ሽማግሌም ወዲያው እጃቸውን ዘረጉና ዱዓ ጀመሩ። ለደስታ ያድርግላችሁ፣ ከውሃ ክፉ ከነፋስ ክፉ ይጠብቃችሁ፣ የምትሄዱበትን ቅርብ ያድርግላችሁ አሉ። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። ከአሚን በኋላ ነገር አይነሳም። ጀልባዋ የእኛ ሆነች፤ ሽታው ግን አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ።

አይሱዙ ላይ ተጭና ሐረጎን ስትወጣ፣ ደሴ ፒያሳን ሰንጥቃ ስታልፍ ሰው ሥራውን አቆመ። "የነቢ ኑህ መርከብ መጣ" ብሎ የጮኸ አለ። የሱቅ ጎረቤቴ "ደሴ ልትሰምጥ ነው እንዴ? ለእኛም ቦታ ያዢልን" አለችኝ። ባለቤቴ ከጋቢናው ሆኖ እጁን ያወዛውዛል። እኔም ፈገግ እላለሁ። ሰው ደስ ብሎሻል ሲለኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

መሻገሪያችን ሲቃረብ መቅዘፊያ እንግዛ አልኩ። ጓደኛው መኪና ገዝተሽ ከኋላው በቅሎ ልታስከትይ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ባለቤቴም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን አጭር ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ሁለተኛ አላነሳሁም። የገበያ ዕለት ሐይቅ ወርጄ ለአማቴ ሰሌን ልገዛ ነው አልኩና ሰሌኑን ገዛሁ፤ ከሰሌኑም ጋር ሁለት የእንጨት መቅዘፊያ። ሰሌኑ መሐል ጠቅልዬ በገመድ አሰርኳቸው። ማን ይፈታዋል? የአማት ስጦታ ነው።

የተሻገርነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጀልባዋን ገፍተው ውሃ ላይ ያወረዱልን ጓደኛውና የዳሩ ሰዎች ነበሩ። እንደገና ዱዓ ተደረገ፤ እንደገና አሚን አልን። ጓደኛው ዳር ቀረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ተነሳ፤ ሰው አጨበጨበ። የጀልባዋ ፊት ጫፍ ላይ በሸራ ተሸፍኖ የታሰረ ዕቃ ነበር፤ ምንድነው ስለው ባለቤቴ የእማዬ ዕቃ ነው ብሎኝ ነበር። እኔም ሰሌኔን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

ልጆቹ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ትንሿ እጇን ውሃው ውስጥ እየነከረች ትስቃለች፤ እኔ የቀሚሷን መቀነት ከኋላ ጨምድጄ ይዣለሁ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው መኪና እንደሚነዳ ሆኖ ነው፤ አንድ ክርኑን ጠርዙ ላይ ጣል አድርጎ ቀጥታ ማዶውን ያያል። የተነሳንባት፣ ጀርባችን ላይ ያለችው ዳር እያነሰች፣ የምንሄድበት ግን የማይተልቅ መሰለኝ። ከሥራችን ስንት ጥልቀት እንዳለ ላለማሰብ የማንጎ ዛፎቹን ለመለየት እሞክራለሁ።

ሽታው መጣ። ያው የኮምቦልቻው ሽታ ነው። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ ፊቱን አላዞረም፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲጥጥ አለ፣ ነጭ እንፋሎት ተፋ፣ ቆመ።

 ውሃው የጀልባዋን ጎን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይገፋናል። ትልቋ "ደረስን?" አለች። 

የመኪና ሰው ሞተር ሲቆምበት መጀመሪያ ሞተሩን ይከፍታል። ባለቤቴ ሞተሩን ዞሮም አላየው። ተነስቶ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ፊት ሄደና ሸራውን ፈታው። ከሥሩ የወጣው የእናቱ ዕቃ አልነበረም፤ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚገባው ከመነዳሪ ነው፤ ተነፍቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ በገመድ ታስሯል። አንዱን በትንሿ ራስ ላይ አጥልቆ ብብቷ ሥር አወረደው። አንዱን ለትልቋ። ሦስተኛውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ገመዱን ከወገቤ ጋር ሊያስር ሲሞክር ቋጠሮው እንቢ አለው። ሃያ ዓመት ጭነት ሲያስር የኖረ እጅ ነው።

ሸራውን አየሁት። ባዶ ነው። እኛ አራት ነን።

"ያንተስ?" አልኩት።

"ቦታ አልበቃም።"

ውሸት ነበር፤ ቦታውን አይቼዋለሁ። ዓይኑን አላነሳም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔም ሸቶኝ ነበር" አለኝ።

"መቼ?"

"ኮምቦልቻ። አንቺ ስትናገሪ። ሽማግሌው እጃቸውን ሊዘረጉ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሟል..." አልጨረሰውም።

ተናደድኩ። አላህ ያሳያችሁ፣ ውሃ መሐል ሆኜ፣ ጎማ ውስጥ ገብቼ፣ በዚያ ሰው ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ወር ሙሉ ብቻዬን የፈራሁ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ተኝቶ፣ አብሮኝ በልቶ፣ አብሽሪ እያለኝ ለካ እሱም ይፈራ ነበር። ወዲያው ደግሞ ያ የጎደለው ከመነዳሪ ዓይኔ ላይ መጣብኝና ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ሦስቱን ሲነፋ፣ ሲቆጥር፣ ራሱን ሳይቆጥር ታየኝ። በጣም አዘንኩለት፤ በጣምም ወደድኩት።

 ወገቤ ላይ ካለው ጎማ ጋር እየታገልኩ ሰሌኔን ሳብኩና ገመዱን ፈታሁት። ሁለቱ መቅዘፊያዎች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ባለቤቴ አተኩሮ አያቸው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ትከሻው ይነቃነቅ ጀመር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ዛሬም አልጠየቅሁትም።

ትልቋ ልጃችን አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየችና "እኛን ግን አብሽሩ ስትሉን ነበር" አለች። አኩርፋ ነው የተናገረችው። ልክ ነበረች።

መቅዘፍ አንችልም ነበር። መጀመሪያ እሱ በኃይል ይገፋል፣ እኔ በፍርሃት እነካካለሁ፤ ጀልባዋ ባለችበት ትዞራለች። በኋላ ትልቋ "ሀ" ስትል አብረን መግፋት ያዝን። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ በአጠገባችን አለፉ። ሰላምታ ሰጡን፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ አሉን፤ አራት ሰው፣ ሦስት ጎማ፣ አንድ የሞተ ሞተር እያዩ ምን ሆናችሁ አላሉንም። ግን መረባቸውን ትተው፣ ራቅ ብለው፣ ዳር እስክንደርስ አብረውን መጡ።

አማቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ውሃው አፍ ላይ ቆመው ነበር። ከርቀት አይተውናል። ከነከመነዳሪያችን ስንወርድ ከላይ እስከ ታች አዩንና "ምነው ልጆቼ፣ መኪናውን አፍርሳችሁ ነው የመጣችሁት?" አሉ።

ባለቤቴ ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ አቧራውን ምክንያት ሊያደርግ ይችል ነበር። "ፈርቼ ነው እማዬ" አላቸው።

ይህን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔ አማቴ ይስቁበታል ወይም አታሟርት ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ትንሿን ከጎማዋ ውስጥ ሊያወጧት እየጎነበሱ፣ "አባትህም ይፈራ ነበር፤ ለዚህ ነው አርጅቶ የሞተው" አሉ። ከዚያ ምሳ እንደደረሰ ነግረውን ወደ ቤት አስቀደሙን።

ሞተሩ የዳነው በሳምንቱ ነው። ለካ የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ራሱ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ኖሯል፤ ውሃውን የምትስበው ውስጡ ያለች ትንሽ የጎማ መዘውር ናት። ውሃ ሳታገኝ ከዞረች ትቃጠላለች። ኮምቦልቻ ላይ ያንን ሁሉ ጊዜ በደረቁ ስናስጮኻት፣ ደህናውን ሞተር ልንመርጥ ሄደን እኛው ገድለነው ነበር ማለት ነው። መዘውሯ ተቀየረች። ጓደኛው ግን እስከ ዛሬ አቧራ ነው ይላል።

አሁን አማቴን ሐኪም ዘንድ የምናመላልሳቸው በጀልባዋ ነው። ከመነሳታችን በፊት ዱዓ እናደርጋለን፤ ከዱዓው በፊት ግን ባለቤቴ ሁላችንንም ያቆምና የሚያስፈራችሁን አሁን ተናገሩ ይላል። ትልቋ ነፋሱን ትላለች። ትንሿ ሁልጊዜ ዓሣ ይበላኛል ትላለች፤ ማንም አይስቅባትም። እኔ የምለው ብዙ ነው፤ ቆሞ ይሰማኛል።

አራተኛውን ከመነዳሪ የገዛሁት እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ፣ አስነፍቼ፣ ገልብጬ ጀርባውን አይቼ፣ አሽትቼ ነው የመረጥኩት። ጀልባዋ ላይ የምጭነውም ራሴ ነኝ። እሱ አሁንም ቦታ አይበቃም ይላል፤ እኔም አልሰማውም።